«ዋዝ ሰንት» ወይስ «ሃዝ ቢን ሰንት»? በፓስት ፓሲቭና በፕረዘንት ፐርፌክት መካከል የመምረጫ መመሪያ

ማመልከቻው መላኩን ለአለቃችሁ በእንግሊዝኛ ልታሳውቁ ነው። «ዚ አፕሊኬሽን ዋዝ ሰንት» ትላላችሁ? «ዚ አፕሊኬሽን ሃዝ ቢን ሰንት»? ወይስ «አይ ሃቭ ሰንት ዚ አፕሊኬሽን»? ሦስቱም ሰዋስዋቸው ደህና ነው። የሚሉት ነገር ግን አንድ አይደለም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚቸገረው ፓሲቭንና ፕረዘንት ፐርፌክትን እንደ ሁለት ተፎካካሪ ስለሚያያቸው ነው። ከሁለት አንዱን መምረጥ ያለበት ይመስለዋል። እነሱ ግን የሚናገሩት ስለተለያየ ጉዳይ ነው። ፓሲቭ የሚነግረን ዓረፍተ ነገሩ ፊት ላይ ማን እንደተቀመጠ ነው፤ አድራጊው ወይስ የተደረገበት። ፕረዘንት ፐርፌክት የሚነግረን ደግሞ ጊዜውን ነው። ስለዚህ አብረው ሊመጡ ይችላሉ፤ «ሃዝ ቢን ሰንት» ሁለቱንም በአንድ ላይ የያዘ ነው። ጥያቄው ሁለት ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ፊት ያለውን፣ ቀጥሎ ጊዜውን ትጠይቃላችሁ።

የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ጮክ ብላችሁ ብታነቧቸው ይሻላል። ዓመቶቹ ደግሞ ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። እናንተም በእንግሊዝኛ ስትጽፉ የኢትዮጵያውን ዓመተ ምሕረት ሳታስተካክሉ እንዳታስገቡ፤ ሲቪ ላይ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ትወረወራላችሁ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ በአማርኛ በሉት

«እንግሊዝኛ ስትማሩ በአማርኛ አታስቡ» የሚል ምክር በየክፍሉ ይሰማል። በዚህ ጉዳይ ላይ አልስማማም። አማርኛ ሁለቱንም መልስ ግሡ ላይ ለጥፎ ነው የሚመጣው። እዩት፦

ላከ፦ «ሰንት»
ተላከ፦ «ዋዝ ሰንት»
ልኳል፦ «ሃዝ ሰንት»
ተልኳል፦ «ሃዝ ቢን ሰንት»

ከፊት የገባችው «ተ» ፓሲቭ መሆኑን ትናገራለች። ከኋላ የተቀጠለችው «አል» ደግሞ ነገሩ እስካሁን የሚነካን መሆኑን። ሁለቱም ካሉ እንግሊዝኛውም ሁለቱንም ይፈልጋል፦ «ሃዝ» ለ«አል»፣ «ቢን» ለ«ተ»። ሦስተኛው የግሥ ቅርጽ፣ መምህራን «ቪ ስሪ» የሚሉት፣ ከሦስቱ ረዳቶች፣ ከ«ዋዝ»፣ ከ«ሃዝ» እና ከ«ሃዝ ቢን»፣ ከማንኛቸውም በኋላ ያው ነው። ስለዚህ «ዋዝ ሶው» ወይም «ሃዝ ቢን ቱክ» የሚባል ነገር የለም፤ «ዋዝ ሲን»፣ «ሃዝ ቢን ቴከን» ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን አማርኛ ዝም ይላል። «ተላከ» እና «ተልኳል» በአሉታ ሲሆኑ ሁለቱም «አልተላከም» ይሆናሉ። ልዩነቱ ይጠፋል። እንግሊዝኛው ግን አያጠፋውም። «ደብዳቤው አልተላከም» ያላችሁት «ገና ነው» ለማለት ከሆነ «ዘ ሌተር ሃዝ ኖት ቢን ሰንት» ነው። «ያን ቀን ሳይላክ ቀረ» ለማለት ከሆነ «ዘ ሌተር ዋዝ ኖት ሰንት» ነው። አሉታ ሲገጥማችሁ በሐሳባችሁ «ገና» የሚለውን ቃል ጨምሩበት። ከገባ «ሃዝ ቢን» ትክክል ነው፤ ካልገባ «ዋዝ»።

ደረጃ 2፦ ፊት ላይ ማን ይቀመጥ?

አድራጊው የማይታወቅ ከሆነ ፓሲቭ ያስፈልጋችኋል። «ማይ ፎን ዋዝ ስቶለን።» ስልኬ ተሰረቀ። የሰረቀውን ብታውቁትማ ስልኩን ትቀበሉት ነበር። አድራጊው ግልጽ ከሆነም እንዲሁ ነው፤ «ሂ ዋዝ አሬስትድ» ስትሉ ያሰረው ፖሊስ እንደሆነ ማንም ያውቃል።

አድራጊው ታውቆ መደበቅ ሲፈለግም ፓሲቭ ይመጣል። ፖለቲከኞች «ሚስቴክስ ወር ሜድ» ሲሉ የሚስቅባቸው ሰው ብዙ ነው። በየመሥሪያ ቤታችን ያለው «ስህተት ተፈጥሯል» የሚለው አባባል የእሱ የሥጋ ዘመድ ነው። ማን ፈጠረው? መልስ የለም። እናንተ ይቅርታ ስትጠይቁ ግን በዚህ መንገድ ባትሄዱ ጥሩ ነው። «አይ ሃቭ ሜድ ኤ ሚስቴክ» ቢያሳፍርም ይከበራል።

አድራጊው የታሪኩ ባለቤት ከሆነ ፓሲቭን ተዉት። «ዚ ኢታሊያን አርሚ ዋዝ ዲፊትድ አት አድዋ ኢን 1896» ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለ ጣሊያን ጦር የሚጽፍ ሰው እንዲህ ቢል ያምርበታል። ስለ ኢትዮጵያ የምትጽፉ ከሆነ ግን አሸናፊውን ለምን ከመድረክ ታወርዱታላችሁ? «ኢትዮጵያ ዲፊትድ ዚ ኢታሊያን አርሚ» በሉና ጨርሱት።

ደረጃ 3፦ ጊዜው ተዘግቷል ወይስ አልተዘጋም?

ዋናው ትግል እዚህ ነው።

ጊዜው ካለቀና ከተጠቀሰ፣ ለምሳሌ «የስተርዴይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «ቱ ዴይስ አጎ»፣ «ኢን 1974» ካለበት፣ ፕረዘንት ፐርፌክት አይገባም። «ዋዝ» ወይም «ወር» ብቻ። ጊዜው እስካሁን ከተዘረጋ፣ ማለትም «ሲንስ»፣ «ሶ ፋር»፣ «የት»፣ «ኦልሬዲ»፣ «ጀስት» ካለበት፣ ወይም ጭራሽ ጊዜ ሳይጠቀስ ውጤቱ ብቻ ከተፈለገ፣ «ሃዝ ቢን» ነው።

ይህን ደንብ በቃሉ የማያውቅ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም ሲጽፍ ይሳሳታል። ምክንያቱ አማርኛ ነው። በአማርኛ «ደብዳቤው ትናንት ተልኳል» ብንል ማንም አይቃወመንም። «አል» እና «ትናንት» ተስማምተው ይኖራሉ። ያንን ቃል በቃል ስናዞረው «ዘ ሌተር ሃዝ ቢን ሰንት የስተርዴይ» ይወጣል። ይህ በእንግሊዝኛ ስህተት ነው፤ ፈታኝ ሲያየው ወዲያው ያሰምርበታል። ስለዚህ የደረጃ 1ን ዝርዝር ስትጠቀሙ ይህን ጨምሩበት፦ አማርኛው «ተልኳል» ቢልም የተዘጋ ቀን አጠገቡ ካለ፣ እንግሊዝኛው ወደ «ዋዝ ሰንት» ይወርዳል።

የምናውቃቸውን ነገሮች እንውሰድ። ሉሲ ሐዳር ላይ የተገኘችው በ1974 ነው፤ «ሉሲ ዋዝ ዲስከቨርድ ኢን 1974»። የአክሱም ሐውልት ከሮም የተመለሰው በ2005 ነው፤ «ዚ ኦቤሊስክ ዋዝ ሪተርንድ ኢን 2005»፤ ተመልሶ የቆመው ደግሞ በ2008። ቀኑን ሳትጠሩ «ሐውልቱ እኮ ተመልሷል» ለማለት ከሆነ፣ ማለትም ነገሩ ዛሬ እዚህ መሆኑን ለመንገር ከሆነ፣ «ዚ ኦቤሊስክ ሃዝ ቢን ሪተርንድ» ያስኬዳል። ድርጊቱ ያው ነው። የተለየው ንግግራችሁ የሚያተኩርበት ቦታ ነው።

ጊዜው ሳይጠራም ሊዘጋ ይችላል። «የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት የተፈለፈሉ ናቸው» ስትሉ ቀን አልጠቀሳችሁም። ግን ሥራው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያለቀ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። «ዘ ቸርችስ ወር ካርቭድ ፍሮም ሮክ።» ትናንት ያለቀ ሥራ ቢሆን ኖሮና ለቱሪስት ዜናውን ብታበስሩ ኖሮ «ሃቭ ቢን ካርቭድ» ትሉ ነበር።

ስለ ላሊበላ ካነሣን፣ እነዚህን ሁለቱን አስተያዩ። «ላሊበላ ዋዝ ኢንስክራይብድ ኢን 1978»፣ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበበት ዓመት። «ላሊበላ ሃዝ ቢን ኤ ወርልድ ሄሪቴጅ ሳይት ሲንስ 1978»፣ ከዚያ ጀምሮ ዛሬም ቅርስ ነው። ሁለተኛው ፓሲቭ አይደለም። «ቢን» ስላያችሁ ብቻ ፓሲቭ ነው አትበሉ። ከኋላው ሦስተኛው የግሥ ቅርጽ መኖር አለበት። ከኋላው ስም ካለ «ሆኖ ቆይቷል» ነው። ከኋላው «አይኤንጂ» ካለ ደግሞ አድራጊው ራሱ ፊት ተቀምጧል፦ «ዴይ ሃቭ ቢን ቢልዲንግ ዘ ሃውስ»፣ ቤቱን ሲሠሩት ቆይተዋል። «ዘ ሃውስ ሃዝ ቢን ቢልዲንግ» ካላችሁ ግን ቤቱ ራሱ ሲሚንቶ ያቦካል።

«መቼ» ብለው ሲጠይቋችሁ ምርጫ የላችሁም። «ዌን ዋዝ ኢት ሰንት?» ብቻ። «ዌን ሃዝ ኢት ቢን ሰንት?» አይባልም፤ «ዌን» ራሷ የተዘጋ ቀን ነው የምትጠይቀው።

«ዚስ ሞርኒንግ» የሚል ካለ ሰዓታችሁን እዩ። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ሆናችሁ «ዘ ሪፖርት ሃዝ ቢን ሰንት ዚስ ሞርኒንግ» ማለት ትችላላችሁ፤ ጠዋቱ አላለቀም። ከምሳ በኋላ «ዋዝ ሰንት» ይሻላል። «ዚስ ዊክ» እና «ዚስ ይር» ላይም እንዲሁ ነው፤ ሳምንቱ ወይም ዓመቱ እስኪያልቅ ክፍት ናቸው።

አሜሪካ ያላችሁ አንድ ነገር ታዝባችሁ ይሆናል። እዚያ ሰው በንግግር «ማይ ባግ ዋዝ ጀስት ስቶለን» ሲል ትሰማላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ «ማይ ባግ ሃዝ ጀስት ቢን ስቶለን» ይበዛል። «ጀስት»፣ «ኦልሬዲ» እና «የት» ላይ አሜሪካኖች ቀለል ያለውን ኃላፊ ጊዜ ይወዳሉ፤ ስህተት አይደለም። ለፈተና ስትጽፉ ግን የእንግሊዙን መንገድ ብትይዙ ማንም አይነካችሁም።

የሞተ ሰው ጉዳይ

ይህ ለጎበዞች ነው፤ ግን ፊት ላይ ማን እንደተቀመጠ ጊዜውን ራሱን ሊለውጠው እንደሚችል ስለሚያሳይ ልዝለለው አልፈለግኩም።

ንግሥት ኤልዛቤት ሁለተኛ በ1965 ኢትዮጵያን ጎብኝተዋል። በ2022 ዐርፈዋል። ዛሬ «ኩዊን ኤልዛቤት ሃዝ ቪዚትድ ኢትዮጵያ» ብትሉ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ይቆረቁራል። ፕረዘንት ፐርፌክት ፊት ላይ ያለው ሰው ዛሬም እንዳለ ያስመስላል። አሁን ገልብጡት፦ «ኢትዮጵያ ሃዝ ቢን ቪዚትድ ባይ ኩዊን ኤልዛቤት»። መቆርቆሩ ጠፋ። ፊት ላይ ያለችው ኢትዮጵያ ናት፤ ኢትዮጵያ ደግሞ አለች።

ስለ አበበ ቢቂላም ስትጽፉ ይኸው ይሠራል። በ1960 ሮም ላይ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶን አሸነፈ፤ «ሂ ወን»። «ሃዝ ወን» አይባልም። «ሂዝ ኔም ሃዝ ቢን ሪመምበርድ ኤቨር ሲንስ» ግን ይባላል፤ ስሙ አልሞተማ።

ደረጃ 4፦ ዜናውን በ«ሃዝ ቢን» አብስሩ፣ ዝርዝሩን በ«ዋዝ» ንገሩ

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ሲሆን ምርጫው ይከብዳል። በአንቀጽ ውስጥ ሲሆን ግን የተለመደ አካሄድ አለ። የእንግሊዝኛ ዜና ስትሰሙ መግቢያውን ልብ በሉ። «ስሪ ሜን ሃቭ ቢን አሬስትድ» ይላል፤ ሦስት ሰዎች ታስረዋል። ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር ወዲያው ይቀየራል፤ «ዴይ ወር አሬስትድ ኦን መንዴይ»። መጀመሪያ ሰሚው የማያውቀው አዲስ ነገር ይነገረዋል። ከዚያ መቼ፣ የት፣ እንዴት ይመጣል። በዝርዝሩ ውስጥ እንደገና «ሃቭ ቢን» እያሉ መቀጠል እንግሊዝኛውን ያንቀራፍፈዋል።

ዲቪ ሞልቶ ያየ ሰው ይህን ስሜት በደንብ ያውቀዋል። ውጤት ሊያይ ገብቶ «ሃዝ ኖት ቢን ሰሌክትድ» የሚለው ሲመጣ ቀን የለውም። አያስፈልገውምም፤ የሚፈለገው ዛሬ ያለው ውጤት ነው። ለታደለው ሰው የሚመጣው ደብዳቤም «ዩ ሃቭ ቢን ራንደምሊ ሰሌክትድ» ነው የሚለው። ያ ሰው ከዓመታት በኋላ ቨርጂኒያ ቁጭ ብሎ ታሪኩን ሲያወራ ግን «አይ ዋዝ ሰሌክትድ ኢን 2019» ይላል። ዜና የነበረው ታሪክ ሆነ።

አሁን ደግሞ ተቃራኒ የሚመስለውን እዩ። የአሜሪካው የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት፣ ዩኤስሲአይኤስ፣ የጉዳያችሁን ሁኔታ ድረ ገጹ ላይ ሲያሳያችሁ ርእሱ «ኬስ ዋዝ ሪሲቭድ» ወይም «ኬስ ዋዝ አፕሩቭድ» ነው። «እንዴ፣ ይህ ዜና አይደለም እንዴ? ለምን ‹ሃዝ ቢን አፕሩቭድ› አላለም?» ልትሉ ትችላላችሁ። ከርእሱ ሥር ያለውን አንብቡ። የሚጀምረው በቀን ነው፤ በዚህ ቀን ፎርማችሁን ተቀበልን ይላል። ገጹ የመዝገብ ገጽ ነው። እያንዳንዱ ነገር ቀን ተጽፎለት የተቀመጠ ክንውን ነው። ስለዚህ «ዋዝ»። ሥር ያለው ጽሑፍ ደግሞ ፓሲቩን ትቶ «ዊ» ብሎ አድራጊውን ፊት ያመጣል። ለእናታችሁ ደውላችሁ የምሥራቹን ለጎረቤት ፈረንጅ እንድትነግር በእንግሊዝኛ ብታስጠኗት ግን «ኢት ሃዝ ቢን አፕሩቭድ!» ነው የሚያምረው።

የባንክ መልእክትም ይህን ይከተላል። ገንዘብ ሲገባላችሁ ስልካችሁ ላይ የሚመጣው «ሃዝ ቢን ክሬዲትድ» ይላል፤ አሁን ገንዘቡ አለ። በኋላ ስለዚያ ብር ቅሬታ ስትጽፉ «ዚ አማውንት ዋዝ ክሬዲትድ ኦን 5 ሜይ» ትላላችሁ።

ደረጃ 5፦ «ተ»ን ሁሉ አትመኑ

ደረጃ 1 ላይ «ተ» ፓሲቭን ታመጣለች ብያለሁ። ብዙ ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። ተማረ፣ ተቀበለ፣ ተነሣ፣ ተከሰተ፤ ሁሉም «ተ» አላቸው። በእንግሊዝኛ ግን ፓሲቭ አይደሉም። ከእነዚህ ሁሉ አስቸጋሪው «ተከሰተ» ነው። «ዚ አክሲደንት ዋዝ ሃፐንድ የስተርዴይ» የሚል ጽሑፍ ስንቴ አየሁ! «ዋዝ»ን አውጡት። «ዚ አክሲደንት ሃፐንድ የስተርዴይ።» ውጤቱ አሁን ከሆነ ደግሞ «ሳምሲንግ ሃዝ ሃፐንድ»፤ «ሃዝ ቢን ሃፐንድ» ፈጽሞ የለም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ግሡን «ሳምባዲ» ከሚለው ቃል በኋላ አስገቡትና ነገሩን ከኋላ አስከትሉ። «ሳምባዲ ስቶል ማይ ፎን»፣ አንድ ሰው ስልኬን ሰረቀ፤ ይሄዳል። ስለዚህ «ማይ ፎን ዋዝ ስቶለን» ይቻላል። «ሳምባዲ ሃፐንድ ዚ አክሲደንት»፤ አይሄድም። ስለዚህ ፓሲቭ የለውም። ጨርሳችኋል።

«ተመረቀ» ለብቻው ቦታ ይገባዋል። ሰው ሲመረቅና ሕንፃ ሲመረቅ በአማርኛ አንድ ነው። በእንግሊዝኛ ሰው «አይ ግራጁዌትድ ኢን 2020» ይላል። በቆየ የአሜሪካ አጻጻፍ «ዋዝ ግራጁዌትድ» ታገኙ ይሆናል፤ ዛሬ አትጠቀሙበት። ሕንፃ ግን ራሱን አይመርቅም። «አፍሪካ ሆል ዋዝ ኢናጉሬትድ ኢን 1961።» የሕዳሴ ግድብም፣ «ዘ ዳም ዋዝ ኢናጉሬትድ ኢን ሴፕቴምበር 2025»።

«ተወለደ» ደግሞ እውነተኛ ፓሲቭ ነው፤ «አይ ዋዝ ቦርን ኢን ጎንደር»። «አይ ቦርን» አይባልም፤ «አይ ሃቭ ቢን ቦርን»ም አይባልም። ልደት ሁልጊዜ የተዘጋ ቀን ነው።

እንደ «ኦፕን»፣ «ቼንጅ»፣ «ብሬክ» እና «ኢንክሪስ» ያሉት ሁለት ዓይነት ጠባይ አላቸው። ዋጋ በራሱ ሲጨምር «ዘ ፕራይስ ሃዝ ኢንክሪስድ» ነው። መንግሥት ወይም ባለሱቁ ሆን ብሎ ሲጨምረው «ዘ ፕራይስ ሃዝ ቢን ኢንክሪስድ» ነው። ተጠያቂ አካል እንዳለ መጠቆም ስትፈልጉ «ቢን»ን አስገቡ።

ደረጃ 6፦ ሁኔታ ከሆነ ሁለቱንም ተዉ

አማርኛ «አል»ን አንድ ሌላ ሥራ ያሠራታል። «ተቀምጧል»፣ «ተኝቷል»፣ «ቆሟል»፣ «ለብሷል» ስንል ብዙውን ጊዜ የምናወራው አሁን ስላለበት ሁኔታ ነው። እንግሊዝኛው «ሂ ኢዝ ሲቲንግ»፣ «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ»፣ «ሂ ኢዝ ስታንዲንግ»፣ «ሂ ኢዝ ዌሪንግ» ነው። «ሂ ሃዝ ስለፕት» ካላችሁ ተኝቶ ተነሥቷል። «ደክሞኛል» ደግሞ «አይ አም ታይርድ» ነው፤ «አይ ሃቭ ታይርድ» አይደለም።

ሱቅ በር ላይ «ተዘግቷል» የሚለውም እዚህ ይገባል። «ክሎዝድ» ብቻ በቂ ነው፤ ሙሉውን ካላችሁ «ዘ ሾፕ ኢዝ ክሎዝድ»። «ዘ ሾፕ ሃዝ ቢን ክሎዝድ» የሚል ወረቀት የለጠፈ ሰው ደንበኛው «ማን አሸገው?» ብሎ እንዲጠይቅ ነው ያደረገው።

ስህተቱ የሚያስከፍልባቸው ቦታዎች

ሲቪ። «አይ ዋዝ ኢምፕሎይድ ዜር ፎር ፋይቭ ይርስ» ካላችሁ ለቅቃችኋል። «አይ ሃቭ ቢን ኢምፕሎይድ ዜር ፎር ፋይቭ ይርስ» ካላችሁ ዛሬም እዚያ ናችሁ። «ፎር ፋይቭ ይርስ» ከሁለቱም ጋር ስለሚሄድ የጊዜ ቃሉ አያድናችሁም፤ ረዳት ግሡ ነው የሚወስነው። ከዚህ የባሰው የጋብቻ ጉዳይ ነው። የኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ላይ «አይ ዋዝ ማሪድ ፎር 10 ይርስ» ያለ ሰው ትዳሩ ያለፈ አድርጎ ነው የተናገረው። ባለቤቱ አሜሪካ ሆና እየጠበቀችው! «አይ ሃቭ ቢን ማሪድ ፎር 10 ይርስ» ነው ማለት የነበረበት።

አይኤልትስ፣ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው። የአካዳሚክ ጽሕፈት የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ አንዳንዴ ካርታ ይመጣል፤ ቢያንስ 150 ቃል፣ 20 ደቂቃ ገደማ። ሳትጀምሩ የካርታዎቹን ዓመት አንብቡ። ከ1990 እስከ 2010 ከሆነ ሁለቱም የተዘጉ ናቸው፤ «ዘ ፎረስት ዋዝ ሪፕሌስድ ባይ ሃውዚንግ»። ከ1990 እስከ ዛሬ ከሆነ «ዘ ፎረስት ሃዝ ቢን ሪፕሌስድ»። ይህችን አንዴ ከወሰናችሁ እስከ መጨረሻው አትቀያይሩ።

ለጆሮ አንዲት ነገር። በንግግር «ሃዝ» ትዋጣለች። «ኢትስ ቢን ፊክስድ» ስትሰሙ «ኢት ሃዝ ቢን» ነው። «ኢትስ ብሮክን» ግን «ኢት ኢዝ» ነው። «ቢን» መኖሯን ብቻ አድምጡ።

ሞክሩት

እነዚህን አምስቱን መልሱን ሳታዩ ወደ እንግሊዝኛ አምጧቸው። 1) መንገዱ ገና አልተጠገነም። 2) ቁልፌ ጠፍቶብኛል። 3) ሐውልቱ በ2005 ተመልሷል። 4) ትናንት ምን ተከሰተ? 5) ሕፃኑ ተኝቷል።

የመጀመሪያው «ዘ ሮድ ሃዝ ኖት ቢን ሪፔርድ የት» ነው፤ «ገና» አለችበት። ሁለተኛው «አይ ሃቭ ሎስት ማይ ኪ» ነው። በአማርኛ ፊት ያለው ቁልፉ ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ጣዩን ፊት ያወጣዋል፤ ፓሲቭ አያስፈልግም። ሦስተኛው ላይ «ተመልሷል» ይላል፤ ግን 2005 ዓመቱን ዘግቶታል፦ «ዚ ኦቤሊስክ ዋዝ ሪተርንድ ኢን 2005»። አራተኛው «ዋት ሃፐንድ የስተርዴይ?» ነው፤ «ዋዝ» የጻፈ ሰው ወደ ደረጃ 5 ይመለስ። አምስተኛው «ዘ ቤቢ ኢዝ ስሊፒንግ»፤ ስለዚህ ጮክ ብላችሁ ማንበቡን ለጊዜው ተዉት።